«የሚጠየቀው ዳኝነት» የምትለው መስመር፦ ከሰሜን ሸዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በሰሜን ሸዋ ዞን ላሉ የወረዳ ፍርድ ቤቶች፤ ለየወረዳው የመሬትና የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፤ እንዲሁም በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጥላ ተክለው ለሚጽፉ የሙያ ጓደኞቼ።

ጤና ይስጥልኝ።

ራፖር ጸሐፊ፣ ለባለጉዳይ ክስና አቤቱታ የምጽፍ ነኝ። ነበርኩ ብል ይሻላል፤ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ጠረጴዛውን የእህቴ ልጅ ተረክባዋለች። እሷ የምትጽፈው በኮምፒውተር ነው። እኔ በ1984 ዓ.ም. ስጀምር አንድ አሮጌ ኦሊቬቲ ታይፕ ነበረኝ። «ጪ» አልመታ ስለሚለኝ «ወጪና ኪሳራ» በተባለ ቁጥር ፊደሏን በእስክሪብቶ እሞላት ነበር። ዳኞቹ ለምደውት የኔን ጽሑፍ በዚያች ጪ ይለዩት ነበር።

ዛሬ ስለ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ልጽፍላችሁ ነው። ስማቸውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ሬዲዮው ሁሉ «የመጀመሪያዋ ሴት» ሲል ዋለ። እኛም ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አዳመጥን። አንዱ ጓደኛዬ «በቃ፣ አሁን ወንድ አለቀለት» ብሎ ሳቀ። ሌላው ደግሞ ታሪክ አዋቂ ነውና «ለሸዋ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰላድንጋይ ተቀምጠው ግዛታቸውን ያስተዳድሩ እንደነበር አስታወሰን። በዚያ ዘመን ማስተዳደር ማለት መዳኘትም ነበር። ክርክሩ በዚሁ ቀለጠ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ።

ወይዘሮ መዓዛ በጥር 2015 ዓ.ም. ከሹመታቸው ለቀቁ። ወንዱም አለ፣ ሙግቱም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ትልቅ ወንበር በፊት የዘረጉት ጠረጴዛ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ባለፈው ወር ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ከደጋው ወርዳ የእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ልጅ አዝላለች። ጧት ነው፤ የኛን አገር የጧት ብርድ ታውቁታላችሁ። መቀነቷን ፈታች። ከመቀነቷ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ላስቲኩ ውስጥ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ አረንጓዴ ደብተር። የመሬት ደብተሯ ነው። ገለጠችው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የሱና የሷ። ፎቶው ላይ የለበሰችው ነጠላ የጎረቤት እንደሆነ ሳንጠይቃት ነገረችን። ፎቶ አንሺው ቀበሌ ድረስ የመጣ ቀን ተውሳ ነው።

«ምን ብለን እንጻፍልሽ?» አለቻት የእህቴ ልጅ።

«እንጃ እታለም። የልጆቹን ቀለብ ይስጠኝ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለኝ? ቤቱም መሬቱም የሱ ነው።»

ደብተሩ እጇ ላይ ነው። ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ነው። መሬቱ የሱ ነው ትላለች።

የእህቴ ልጅ መጻፍ ጀመረች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። «የሚጠየቀው ዳኝነት» የሚለው ጋ ስትደርስ «የልጆች ቀለብ» ብላ ልትዘጋው ሆነ። ከጥጉ ሆኜ «ተይ!» አልኳት። ጮኼ ኖሯል፤ የታዘለው ልጅ አለቀሰ።

ለምን እንደጮህኩ የማውቀው እኔ ነኝ። በ1996 ዓ.ም. እኔም እንዲሁ ዘግቼው ነበር።

ያኔ የመጣችው ሴት ከመንዝ በኩል ነበረች። ባሏ አባሯታል። አራት ልጅ አላት። «ቀለብ ያስቆርጡልኝ» አለችኝ። ጻፍኩላት። ከሳሽ እገሊት፣ ተከሳሽ እገሌ፣ የክሱ ምክንያት እንዲህና እንዲያ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት የልጆች ቀለብ። ከታች እንደ ልማዱ «ከላይ የተገለጸው እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ብዬ ጨረስኩ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሬ አስፈረምኳት። አሥር ብር ተቀበልኳት። ዳኛው በወር 60 ብር ፈረደላት። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይፈርድም፤ ይህን እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ያኔ ወጥቷል። አውቀው ነበር። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የሁለቱ እንደሆነ፣ ሲፋቱም እኩል እንደሚካፈሉት አንብቤያለሁ። ግን «የንብረቱን ነገር ሽማግሌ ይጨርሰዋል፣ እኔ ምን ቤት ነኝ» አልኩ። ሐቁን ካወራን ደግሞ የንብረት ክስ ዝርዝር ይፈልጋል። የከብት ቁጥር፣ የማሳ አዋሳኝ፣ የግምት ዋጋ፣ ስንት ነገር። ያን ዕለት ገበያ ነበር፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። ሰነፍኩ።

ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ባሏ በሬዎቹን ሸጧል። ቤቱ ሌላ ሚስት ገብታበታለች። አንድ ሰው ነግሯት ኖሮ ጠረጴዛዬን ተደግፋ «ግማሹ የኔ እንደነበረ አንተ ታውቅ ነበር ወይ?» አለችኝ። አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። የዚያን ቀን አንተ አለችኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

እንደገና ጻፍኩላት፣ በነጻ። የተሸጠው በሬ ግን ተሽጧል።

እንግዲህ ወይዘሮ መዓዛን የማስባቸው በዚህ በኩል ነው። አሶሳ ነው የተወለዱት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1978 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ቀጥለው ለሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ አብረው ሲኖሩም፣ ሲፋቱም መብታቸው እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 35 የሴቶች ነው፤ ንብረት ማፍራት፣ ማስተዳደር፣ መሬት መጠቀም፣ መውረስ። በዚያው ሰሞን ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ።

ማኅበሩ የሠራው ዋና ነገር ቀላል ነው። ጠረጴዛ ዘረጋ። ገንዘብ የሌላት ሴት ትመጣለች፤ ጉዳይዋን ትናገራለች፤ ሕግ የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማታል፤ አቤቱታዋን በነጻ ይጽፍላታል፤ ሲቻልም ችሎት ቆሞ ይከራከርላታል። እኔ አሥር ብር ተቀብዬ ያጎደልኳትን መስመር እነሱ ሳንቲም ሳይቀበሉ ይሞሏት ነበር። ለኔ ከፕሬዚዳንትነቱ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። ሌላው ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

ጠረጴዛው ሌላም ጥቅም ነበረው። አንድ ዓይነት ዕንባ በየቀኑ የሚሰማ ሰው ነገሩ ከአንድ ክፉ ባል አልፎ ከሕጉ ጭምር እንደሆነ ይገባዋል።

የቀድሞውን ሕግ እናንተ ወጣት ዳኞች በትምህርት ነው የምታውቁት። እኔ ሠርቼበታለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል። ሚስት ትታዘዘዋለች። መኖሪያውን የሚመርጥ እሱ ነው። የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድር እሱ ነው። የሚስቱን አዋዋል ይከታተላል፣ ጠባይዋን ይመራል። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15። ፍቺውን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ካልጨረሱት አንዳንዱ ዓመታት ይቆጥራል። አንዷን ቁጥር ደግሞ መቼም አልረሳትም፤ 646ን። ባል ለሚስቱ የቤት ሠራተኛ የሚቀጥርበት አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች ትላለች። የሞረትና የጅሩ ገበሬ ለሚስቱ ሠራተኛ ሲቀጥርላት አይታችኋል? እኔ አላየሁም። እንግዲህ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ኩበት መጠፍጠፉ፣ ለሰንጋው ድርቆሽ መሸከሙ ሁሉ በአንዲት ቁጥር የሕግ ግዴታ ሆኖባት ኖሯል።

ማኅበሩ ይህ እንዲሻሻል ዓመታት ወተወተ። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወጣ። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ። አለቃ የሚባል ቀረ። ሀብቱን አብረው ያስተዳድራሉ፤ የጋራውን ቤት አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ፍቺን ፍርድ ቤት ይወስናል፤ ሽማግሌ ያስታርቅ፣ አይፍረድ ተባለ። ክልላችንም ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱን አወጣ። አንዲት ሴት ብቻዋን አላመጣችውም፤ ብዙ ሰው ለፍቶበታል። ግን ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ባይኖር ማን ይነሳ ነበር?

እዚህ እኛ ዘንድ ሕጉ ሲወራ «የአዲስ አበባ ሴቶች ሕግ» ተብሎ ተቀለደበት። ቀልደኞቹ መሐል እኔም ነበርኩ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ እኛም እሱን እየጠቀስን ሳቅን። ያሳቀን ነገር ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ የመንዝ ሸማኔ ናቸው። ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይዘው ሊሸጡ መጥተው ጥላ ፍለጋ አጠገቤ ተቀመጡ። ወሬ ለማሳመር «አባባ፣ ባናው የማን ነው?» አልኳቸው። «የሚስቴም የኔም ነዋ» አሉኝ። ሱፉን አጥባ፣ ነድፋ፣ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ሚስታቸው ናት። የሸመኑት እሳቸው ናቸው። «ድርና ማጉን ነጥለህ የሷ ይሄ፣ የኔ ያ ልትል ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። አዋጁን አላነበቡም። ሕጉ የሚለውን ግን ከኔ ይልቅ ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይ ሲመጣ የጋራ ሀብት ምን እንደሆነ የማስረዳው በባና ነው። አንቀጽ ስጠቅስ የማይገባው ሁሉ ባናው ወዲያው ይገባዋል።

ስለ ጠለፋም አንድ ነገር ልበል፤ ሽማግሌዎች ይህን ታነቡ እንደሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክር በራሱ በጠላፊዋ መሣሪያ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ወይዘሮ መዓዛና ማኅበራቸው ቆሙላት። ከሁለት ዓመት ሙግት በኋላ ራሷን ነው የተከላከለችው ተብሎ ነጻ ወጣች። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊን ቢበዛ በሦስት ዓመት እስራት ነው የሚቀጣው። ያውም ካገባት ከነጭራሹ ይለቀቃል። ገብቷችኋል? ሠርጉ ማምለጫው ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት አደረገው፤ ቢያገባትም አያመልጥም አለ።

እና አሁንም አንዳንድ ቦታ የተጠለፈች ልጅ ወላጆች ዘንድ ሽማግሌ ይላካል። «እንግዲህ አንዴ ሆኗል፣ ክብሯ እንዲጠበቅ በሰማንያ ይጋቡ» ይባላል። ሽምግልናን እወዳለሁ፤ ስንት ደም አድርቋል። ድንበር አስታርቁ፣ ወንድማማች አስታርቁ። ይሄኛው ግን እናንተ ዘንድ የሚጨረስ ጉዳይ አይደለም። ይህን የምለው ቤቴ የሚመጡትን አባቶች እያከበርኩ ነው።

ጠረጴዛው ተረጋግቶ አልኖረም። 1993 ዓ.ም. አልቆ 1994 ሲገባ ግድም መንግሥት ማኅበሩን ለጥቂት ጊዜ አግዶት ነበር። ከሁሉ የከፋው በ2001 ዓ.ም. የመጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ነው። በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ አያገኝም አለ። ማኅበሩ ሠራተኛ ቀነሰ፣ ሥራው ተመናመነ። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ፤ አሥር ዓመት ግን አለፈ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ስንቷ ሴት ደብተሯን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ «የሱ ነው» ስትል እንደኖረች አስቡት። የቤተሰብ ሕጉ አልተሻረም እኮ። የሚጽፍላት ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ።

ለእናንተ ለሙያ ጓደኞቼ መጀመሪያ። «የሚጠየቀው ዳኝነት» የምትለዋን መስመር ከመሙላታችሁ በፊት ደብተሯን አስወጧት። ከዚያ እንደ ሐኪም ጠይቋት። ስንት በሬ ነበራችሁ? ላሚቱ ከናንተ ቤት ነው የተወለደችው ወይስ ከአባትሽ ቤት ይዘሻት መጣሽ? የቤቱ ቆርቆሮ መቼ ተመታ? ዕቁብ አለሽ? ብድርና ቁጠባ ገብተሻል? ስትገቢ ይዘሽው የገባሽው ምንድነው? ያ የግሏ ነው፤ ለብቻው ይጻፍ። ሰማንያ የለኝም፣ እንዲሁ ነው አብረን የኖርነው ካለቻችሁ «እንግዲያው ምንም የለሽም» ብላችሁ አትመልሷት። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ሕጉ ያውቀዋል፤ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከኖሩ ያፈሩት የጋራቸው ነው ይላል። እግድ መጠየቅ ደግሞ እንዳትረሱ፣ አደራችሁን። ክሱ እስኪያልቅ ከብቱ እንዳይሸጥ፣ ቤቱ እንዳይተላለፍ ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ። የ1996ቷን ሴት የጎዳኋት በዚህ ነው። ዋጋውንም እናውራ። ለንብረት ክስ ገጹ ስለሚበዛ እጥፍ የምታስከፍሉ አላችሁ። ልጅ ካዘለች ሴት እጥፍ መቀበል ነውር ነው። ነውር ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

ለፍርድ ቤቶች። በግቢያችሁ የቀጠሮ ዝርዝር የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። ከጎኑ አንዲት ገጽ ለጥፉልኝ። በቀላል አማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ቁጥር ሳይበዛባት። በትዳር የተፈራው የሁለታችሁ ነው፤ ስትፋቱ እኩል ነው፤ ከ18 በታች ጋብቻ የለም፤ አቅም ከሌለሽ የዳኝነት ሳትከፍይ በደሃ ደንብ መክሰስ ትችያለሽ። ማንበብ የማይችል ብዙ ስለሆነ ጧት ችሎት ከመሰየሙ በፊት አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብባት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ደሃ ደንቡም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ለዳኝነት የሚከፈል የለኝም የምትል ሴት ድህነቷን ቀበሌ እንዲመሰክርላት ትላካለች። የቀበሌው ሰው ብዙ ጊዜ የባሏ አበልጅ ነው፣ ወይም የዕድር ጓደኛው፣ ወይም የአክስቱ ልጅ። «ነገ ነይ» ይላታል። ነገ ስትመጣ ስብሰባ ሄዷል። ማኅተሙ ኪሱ ነው። ሦስት ጊዜ ከተመላለሰች አራተኛ አትመጣም። ሬጅስትራሮች ሆይ፣ ባይሆን በቃለ መሐላ የሚቀበሉበትን መንገድ ዳኞችን አማክሩ።

የቤተሰብ ችሎት ቀጠሮን ከገበያ ቀን ጋር ብታገናኙትስ? ገበያ የምትወጣ ሴት ቤቷን ማስፈቀድ የለባትም፤ ቅቤና ዕንቁላል ይዛ ትወጣለች፣ በዚያው ችሎት ትገባለች። በሌላ ቀን ከወጣች ግን ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። በዚያ ላይ የትራንስፖርቱ ወጪ አለ፤ መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ይህ አዋጅ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።

ለመሬት ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው አንድ ነው። በክልላችን ምዝገባው ሲጀመር የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ደብተሩ ላይ እንዲሆን መደረጉ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠራው ሰው ይባረክ። አሁን ደብተሩ ሲያረጅ፣ በካርታ ሲቀየር፣ ባል ብቻውን ይዞት ሲመጣ ተቀብላችሁ እንዳትሰጡት። «ሚስትህ የታለች?» በሉት። «ታማለች» ካለ ትዳን፣ ትምጣ። ኮንትራት ሲያከራይም እንደዚያው። አንድ ፊርማ ሲቀበሉ አይቼ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ።

ወይዘሮ መዓዛ ራሳቸው በአንድ ነገር ላይ ተቀምጠው አልቀሩም። ብዙ ባለአክሲዮኖቹ ሴቶች የሆኑት እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዷ፣ የቦርዱም ሰብሳቢ ነበሩ። ማስያዣ የሌላት ሴት ብድር የምታገኝበት በር ለመክፈት ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘመናቸውም የፌዴራል ፍርድ ቤቶችና የዳኝነት አስተዳደር አዋጆች በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ወጥተዋል። ያ የናንተ የባለሙያዎቹ ወሬ ነው፤ ለኔ ይርቀኛል። እኔ የማውቀው እስከ አጥሩ ድረስ ያለውን ነው።

«ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ይላል ያገራችን ሰው። ዳኛስ ተገኝቷል፣ ሕጉም አለ። እኔ የተናጋሪው ነገር ነው የቸገረኝ። በአጥር ሥር የምንቀመጠው እኛ የተናጋሪዋ አፍ ነን። አፍ ደግሞ አንዳንዴ እንደኔ ይሰንፋል።

ያቺ ባለፈው ወር የመጣችው እናት ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። የእህቴ ልጅ የጻፈችውን ሰርዛ እንደ አዲስ ጀመረች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ ዘጠኝ በግ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ አራት ጥማድ መሬት። እናቲቱ እየቆጠረች በመሐል ትቆምና «ይሄም ይቆጠራል?» ትላለች። «ይቆጠራል» ትላታለች የእህቴ ልጅ። የባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ «እነሱን እንኳ የተከልኳቸው እኔ ነኝ» አለችና ፈገግ አለች። መጨረሻ ላይ አውራ ጣት ልናስነክራት ስንል እምቢ አለች። የጎልማሶች ትምህርት ተምራለች። እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ጻፈች፤ አንዷ ፊደል ተገልብጣለች፣ ይነበባል ግን።

መዝገቡ ተከፈተ። መጥሪያው ወጣ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።

የዚያ ከተማ ገበያ ሐሙስ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ራፖር ጸሐፊ፣ ሰሜን ሸዋ